ትንሽ የቀረው ዱንጉዛ

መቀሱን አስቀምጪው። በኋላ እንነጋገራለን፤ መጀመሪያ አስቀምጪው።

ደህና። አሁን ያልሽውን ድገሚልኝ። «አክስቴ ደግሞ፣ ካልወደድሽው እንደገና ይሰፋል እኮ!» አይደል ያልሽኝ? ለምረቃሽ ወገቡ ላይ የሚጠብ ቀሚስ አማረሽና ዱንጉዛዬን ከሳጥን አውጥተሽ፣ አልጋ ላይ ዘርግተሽ፣ ከየት ጀምረሽ እንደምትቆርጪው በስንዝር ስትለኪ ደረስኩብሽ። የጮህኩት በአንቺ ብቻ አይደለም። «ይሰፋል» የሚለውን ቃል እንደዚያ አፍሽ ላይ እንደመጣ ስትወረውሪው፣ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት እንዲሁ የወረወሩትን ሰዎች ሁሉ በአንድ ላይ አየኋቸው። በእነሱ ላይ ነው የጮህኩት። ይህ ቁጣ ዛሬ የመጣ እንዳይመስልሽ፤ ከአንቺ በዕድሜ ይበልጣል።

ነይ፣ አሽትቺው። የስፌት መኪና ዘይት ነው አይደል የሚሸተው? ድሮ ግን ዝንጅብል ነበር የሚሸተው።

እናቴ፣ ያላየሻት አያትሽ፣ ዝንጅብል ነጋዴ ነበረች። በገበያ ቀን ቦዲቲ ወርዳ ደረቅ ዝንጅብል በጆንያ ትገዛና በአውቶቡስ ጣሪያ ጭና ወደ ሶዶ ትመጣለች። ጆንያው ቤታችን ጥግ ይቆለላል፤ እጇም ፀጉሯም ልብሷም ያንኑ ይሸታል። ይህን ዱንጉዛ አባቷ ለሠርጓ በእጁ ሸምኖ የሰጣት ነው። ቀዩን፣ ጥቁሩንና ቢጫውን እንዲህ እንደ መብረቅ እያጠማዘዘ ያስኬደው እሱ ነው። ዛሬ በየሱቁ ተሰቅሎ እንደምታዪው የፋብሪካ ጨርቅ አይደለም፤ ይከብዳል፣ ይሞቃል። በክረምት ማለዳ የዳሞታ ተራራ ጉም እስከ ደጃችን ሲወርድ እኔን ጉያዋ አስገብታ ለሁለት እንለብሰው ነበር። አገጯን አናቴ ላይ ታስደግፍና ገበያ የዋለችውን ታወራኛለች። ድምፅዋ ከላይ በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን ከኋላ በጀርባዬም ይገባ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ታመመች። ብዙም አልቆየችም። አልጋዋ ላይ ሆና አባቴ አጠገቧ ቆሞ፣ ወንድሜ፣ አባትሽ፣ በር ላይ ቆሞ፣ «ይቺ የልጄ ናት፤ ስታድግ ትልበሳት» አለች። አባቴ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሲነቀንቅ አይቼዋለሁ። ይህንን ያዢልኝ፤ በኋላ ሁሉም ሰው የዘነጋው ይህንን ነውና።

እሷ ከሞተች በኋላ ቤቱ ከትምህርት ቤት ተመልሰው የሚገቡበት ቤት አልነበረም። አባቴ በዴሳ እህል ገበያ ይውላል፣ ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ነው። ስለዚህ ከሶዶ መርካቶ ዝቅ ብሎ በነበረው የልብስ ሰፊው ሱቅ ደፍ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ጀመር። ልብስ ሰፊው ወላጆቻቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የወለዷቸው፣ ወላይትኛን ከእኛ አሳምረው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው የእናቴ ወዳጅ ነበረች። ማንም ነይ አላለኝም፣ ማንም ሂጂ አላለኝም። የእግር መኪናቸው ሲንደረደር፣ የከሰል ካውያቸው እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍና ቸስ ሲል እየሰማሁ ክፍልፋይ እደምራለሁ።

ወደዚያ ሱቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ የተበላሸ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው። ፊቱን አጨማዶ ይገባና ልብሱን ያሳያል፤ ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያያሉ፣ ከዚያ አንዲት ቃል ይናገራሉ። የተማሪ ሱሪ አጥሮ ከመጣ «እጥፉ ይለቀቃል» ይላሉ። የመምህሩ ሸሚዝ ኮሌታው ተበልቶ ከሆነ «ይገለበጣል»፤ ቀሚስ ከጠበበ «ይፈታል»፤ አጥር የቀደደው ከሆነ «ይጣፋል»። ሰውየው ፊቱ ፈታ ብሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ነገሩን እንዲህ አድርጌ ልነግርሽ አልችልም ነበር እንጂ፣ እዚያ ደፍ ላይ የሚያስቀምጠኝ እነዚያ ቃሎች ነበሩ። እናቷ የሞተችባት ልጅ፣ የተበላሸው ሁሉ ቃል የሚገኝለት ቦታ ብትወድ ይፈረድባታል?

ቃል የማይገኝለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰው ቤቱ ራሱ ቆርጦ ያበላሸውን ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ጠመኔያቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ዝም ይላሉ። አንዲት ሴት የመጋረጃ ጨርቅ አሳጥራ ቆርጣ መጥታ «ጋሼ፣ አይመለስም?» ብላ ስትለማመጣቸው ትዝ ይለኛል። ብዙ ዝም አሉና «ስፌት ስህተቱን ይመልሳል፤ መቀስ ግን የነካውን አይመልስም» አሏት። ለእኔም ዞር ብለው «ሰማሽ እናቴ? ሦስቴ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ» አሉኝ። ሰማሁ። እንደ ሃይማኖት ነው የያዝኩት።

እንግዲህ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ከተማው ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ በሬ የሚጎትት ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ከትምህርት ቤት ወጥቼ እንደ ልማዴ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከጀርባዬ መቀስ ወፍራም ጨርቅ ሲበላ ይሰማኛል፤ ቀጭን ጨርቅ ሲቆረጥ ይሾልካል፣ ወፍራም ሲሆን ግን ያላምጣል። ደብተሬን ስከፍት አንዲት ቁራጭ ከጠረጴዛው ላይ ተንሸራታ እግሬ ሥር ወደቀች። መሐረብ ብታህል ነው። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ። አነሳኋት። አፍንጫዬ ከጭንቅላቴ ቀደመ፤ ዝንጅብሉን ካሸተትኩ በኋላ ነው ያወቅኋት።

ዞርኩ። የእናቴ ዱንጉዛ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ተሰምሮበት፣ ሁለት እጅጌና አንድ ጀርባ ወጥቶለት ተጋድሟል።

«መጣሽ እናቴ?» አሉ ልብስ ሰፊው ፈገግ ብለው። «ለወንድምሽ የጊፋታ ኮት ነው። አባትሽ አንቺም ደስ ብሎሽ እንደተስማማሽ ነግሮኛል። ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እህትነት።»

«እኔ?» አልኩ።

ፊቴን አዩት። ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ሄደ፤ መቀሱ እጃቸው ላይ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ጠመኔውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ዝም አሉ። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ አላልኩሽም? ቁራጯን ኮምፓስ ሳጥኔ ውስጥ ወተፍኩና ሮጥኩ። ምን እንዳነሳሁ አላዩም፤ ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነበር።

ስልክሽን ተዪውና አድምጪኝ። የአባትሽ ነገር ገና ይመጣል።

ማታ እስኪሆን አልጠበቅኩም። አባቴ ገና ከበዴሳ መጥቶ ጫማውን ሲያወልቅ «የእናቴን ልብስ ለምን?» አልኩት። በመጀመሪያ ያላወቀ መሰለ። ቀጥሎ ተቆጣ። ያጠፋ ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ ነው የሚቆጣው። «ጨርቅ እኮ ነው! ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው የበኩር ልጄ ለብሶ ቢታይበት ምን አለበት? ዘንድሮ ከጎረምሶቹ ፊት ወጥቶ የሚጨፍረው እሱ ነው።» የእኔ ናት፣ ራስህን ነቅንቀህ ነበር አልኩት። «ሌላ ይሸመንልሻል» አለኝ። ማን ነው የሚሸምነው? ሸማኔው ከእናቴም ቀድሞ ሞቷል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ አባቴ ስለ ዱንጉዛዋ በሕይወቱ የነገረኝ ይህንኑ ብቻ ነው፦ ጨርቅ ነው፣ ሌላ ይሸመናል። «ተስማምታለች» ብሎ ስለዋሸው አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላናገርኩትም። ሲጠራኝ አልሰማም፤ ከሱ ጋር ከአንድ ገበታ አልቀርብም፤ ምግቤን ይዤ ጓሮ እንሰቱ ሥር እቀመጣለሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ሰው የልጅ ኩርፊያ መስሎት ሳቀ።

አሁን አንቺ ሐዋሳ ስላደግሽ ልንገርሽ እንጂ የዚህ አገር ልጅ ያውቀዋል፤ ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው። አዲሱ ዓመት የተጣላ ሰው ላይ መግባት የለበትም። በእኛ ሰፈር አሥር የሚሆን አባወራ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አጠራቅሞ አንድ በሬ ይገዛል፤ ልብስ ሰፊውም ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ትልቁ ሽማግሌ እያንዳንዱን አባወራ በስሙ ጠርተው «ቤትህ ሰላም ነው?» ይሉታል። ሰላም ነው ሲል ያልፋሉ። ያን ዓመት አባቴ ጋ ሲደርሱ እሱም ሰላም ነው አለ።

«ልጅህ አታናግርህም ይባላል» አሉ ሽማግሌው። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ልጅ ናት አባቴ።»

«ልጅ ቂም የለውም ያለህ ማነው? ጥሯት።»

ከእንሰቱ ሥር ተጠርቼ ወጣሁ። በዓይነ ህሊናሽ አስቢው፦ የዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ ጥሩ ናት፣ ወንዶቹ ቢላቸውን ስለው ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ የበርበሬ ዳጣውን አዘጋጅተው ቆመዋል፣ ጎረምሶቹ ምራቃቸውን እየዋጡ ነው፣ በሬው ራሱ ሣሩን እያመነዠከ ያየኛል። ያ ሁሉ ሰው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አፍ ይጠብቃል። ሁሉም ነገር በወላይትኛ ነበር፤ ላንቺ ነው በአማርኛ የማወራው።

«ምን ትፈልጊያለሽ ልጄ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«የእናቴን ልብስ። እንደነበረ።»

ያኔ የመካሻው ዓይነት መደርደር ጀመረ። አንዱ «አዲስ ቀሚስ እገዛልሻለሁ» አለ። አንዱ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ሊሰጠኝ ነው። አባቴ መሬት መሬት እያየ «ለገና ሌላ ዱንጉዛ አመጣላታለሁ» አለ። ሁሉም ለጋስ ሆነ። ቢላዋ ስሎ የተቀመጠ ሰው ለጋስ ነው። እኔ ለሁሉም አንድ መልስ ነው የሰጠሁት፦ «እንደነበረ።»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ልጄ» አሉ ሽማግሌው በትዕግሥት።

«እንግዲያው ምኑን ነው የምታስታርቁኝ?»

ያቺን ቃል አሁንም እወዳታለሁ። ከሴቶቹ አንዷ አፏን ያዘች፤ አባቴ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። አሰቡና ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ። «አንተ ባለሙያ ነህ። የቆረጥከውም አንተ ነህ። ይመለሳል ወይስ አይመለስም? እውነቱን ንገራት።»

ልቤ ደስ አለው። ምክንያቱም እኔ መልሱን አውቃለሁ፤ መልሱ ዝምታ ነው። ጠመኔያቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ዝም ይላሉ፣ ያኔ አባቴ ያደረገውን ነገር ያ ሁሉ ሰው ያውቀዋል፣ ያኔ ቢያንስ የእኔን ኀዘን ማንም በዶሮ አይገዛውም። የምፈልገው ያንን ነበር። አስታራቂ አልፈለግሁም፤ ምስክር ነበር የፈለግሁት።

ልብስ ሰፊው ብድግ አሉ። ሽማግሌውን አዩ፣ ፊቱን የሸፈነውን አባቴን አዩ፣ ሰሃን ይዘው የቆሙትን ልጆች አዩ። መጨረሻ ላይ እኔን አዩኝ።

«ይመለሳል» አሉ።

«እንደነበረ?»

«እንደነበረ።»

«መቼ?»

«ለሚመጣው ጊፋታ።»

አመንኳቸው! እኔ፣ ያቺ ሁሉን ከሳቸው የሰማች ልጅ፣ አመንኳቸው። ሌላ ሰው ቢለው አላምንም ነበር፤ እሳቸው ግን ቃላቸውን የሚመዝኑ ሰው ነበሩ፣ ከሳቸው አፍ ከወጣ ምናልባት እኔ የማላውቀው ሙያ ይኖራል አልኩ። «ትቻለሁ» አልኩና የአባቴን ጉልበት ስሜ ተነሳሁ። ሽማግሌው መረቁ፣ በሬው ወደቀ፣ «ዮዮ ጊፋታ!» ተባለ። ጥሬ ሥጋ በዳጣ ሰጡኝ። በላሁ፤ ደግሞም ጣፈጠኝ። መጣፈጡ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

አባትሽ በበዓሉ ዕለት ኮቱን ለብሶ ጨፈረ። አልዋሽሽም፣ አምሮበት ነበር። ግን እኔን ባየ ቁጥር ከሰው ጀርባ ይሸሸግ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ኮቱ ከቤት ጠፋ። አባቴ ከእኔ የደበቀው መሰለኝና ያንንም በሂሳቡ ላይ ጨመርኩለት።

ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ደፉ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የቤት ሥራው ሰበብ ነው፤ ጥበቃ ላይ ነበርኩ። «ጋሼ፣ አለቀ?» እላለሁ። «ትንሽ ቀረው» ይሉኛል። «እስቲ ያሳዩኝ።» «ሳያልቅ አይታይም እናቴ።» በሳምንቱ እጠይቃለሁ፣ ትንሽ ቀረው። በወሩ፣ ትንሽ ቀረው። ሌላ ሰው ሲመጣ ይፈታል፣ ይገለበጣል፣ ይጣፋል እያሉ በሰዓቱ ያደርሳሉ፤ ወደ እኔ ሲዞሩ ግን ትንሽ ቀረው። በውስጤ ነገሩ ይገባኝ ጀመር፤ ቆራርጠው የትም ጥለውታል፣ ሥጋው እንዳይዘገይ ነው የሸነገሉኝ አልኩ።

የሚቀጥለው ጊፋታ ዋዜማ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ሰውን በክንዴ ገፍቼ ገባሁ። «ዛሬ ነው ቀኑ» አልኩ።

መኪናቸውን አቆሙ። «ትንሽ... እናቴ፣ እውነት ትንሽ ነው የቀረው፤ አንድ ነገር...»

«ውሸታም ነህ!» አልኳቸው።

አንተ ብዬ። በአባቴ ዕድሜ ያለውን ሰው፣ በደንበኞቹ ፊት፣ አንተ ብዬ። አንድ ሰው «ምን ዓይነት ስድ ናት!» ብሎ ሊይዘኝ ሲል ልብስ ሰፊው እጃቸውን አነሱ፤ «ተዋት» አሉ። ሊሉኝ የነበረውን ነገር አልጨረሱትም። እኔም አልጠበቅኩም፤ ዞሬ ወጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ኮምፓስ ሳጥኔ ይንኳኳ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ ሳልፍ ማዶ ማዶውን ሆነ። ሰላምታ ነፈግኳቸው። በዚህ ከተማ ሰላምታ መንፈግ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ደመኛም ለደመኛው ባርኔጣውን ያነሳል። እሳቸው ግን ባለፍኩ ቁጥር ከመኪናቸው ተነስተው በር ላይ ይቆሙና እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ተማሪ ሆኜ አዞርኩ። ጉኑኖ መምህር ሆኜ ተመድቤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ አዞርኩ። ተዛውሬ ሶዶ ከገባሁም በኋላ፣ ፀጉራቸው ሙሉ ነጭ ሆኖ፣ ዓይናቸው ደክሞ ማን እንዳለፈ ለማየት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ሲያደርጉም አዞርኩ። ማልቀሴ አይደለም፤ ጉንፋን ነው።

አባቴ ሞተ፤ አለቀስኩለት፣ ቁጣው ግን አልወጣልኝም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልብስ ሰፊው ሞቱ። ለቅሷቸው ላይ አልሄድኩም። ሰው ምን ይላል ብዬ እንኳ አልሄድኩም። ይህን ስነግርሽ አፍራለሁ።

ለአርባቸው ሚስታቸው ሰው ላከችብኝ። ልቀር አሰብኩ፤ የእናቴ ወዳጅ ናትና ሄድኩ። ጓዳ አስገብታ ከአልጋ ሥር አንድ ከረጢት አወጣች። «ይሄ ያንቺ ነው» አለችኝ።

ዘረጋሁት። ይሄው ነው። መጀመሪያ አላመንኩም፤ ሙሉ ነው። እጅጌ የነበረው፣ ጀርባ የነበረው፣ ወለል ላይ የወደቀው ቅንጥብጣቢ ሁሉ ቦታው ተመልሷል። ያዢና ወደ መስኮቱ አንሺው፤ ብርሃን ካልገባበት መጋጠሚያው አይታይም። በመኪና አይደለም፣ በእጅ መርፌ፣ የጨርቁን ክር መዝዞ ከክሩ እያጋባ፣ የመብረቁን መሥመር እየጠበቀ ነው የሠራው። ሸማኔ ቤት ሄዶ እንዴት እንደሚደረግ ተምሮ ነው አለችኝ ሚስቱ። ቀን የሰው ልብስ፣ አመሻሽ ላይ ያንቺን። ዓይኑን የጨረሰው እሱ ነው አለችኝ። ይኸው፣ አሁንም እሱ እያልኩ ነው የማወራው፤ ያኔ ባለጌነት ነበር፣ አሁን ግን እንደ ቤተሰቤ ነው።

«ኮቱንስ ከየት አገኙት?»

«ወንድምሽ ነዋ። ጊፋታ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ‹መልሱላት› ብሎ ወጣ። ለማንም እንዳትነግሩ አለ።»

አባትሽ ነው ይህን ያደረገው። የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ፣ ያለችውን አንዲት ኮት። እኔ ስንት ዓመት በጎን ሳየው እንደኖርኩ እሱም ያውቃል። እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም።

ከዚያ ግራ ትከሻው ላይ ያለውን አየሁት። ይሄንን፣ እጅሽን አስገቢበት። መሐረብ የምታህል ክፍት ቦታ። ዙሪያው እንዳይተረተር በጥንቃቄ ተጠልፏል፤ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ።

«ያቺ ቁራጭ ናት የጎደለችው» አለችኝ ሚስቱ። «ሁሉን ነገር በመጀመሪያው ዓመት ጨርሶት ነበር። ያቺ ብቻ ቀረችው። አይጥ ወስዷት ነው ብሎ የሱቁን ወለል ሁለት ጊዜ አስነቅሏል። ኧረ ሌላ ጨርቅ አስገባበት ስለው ‹እንደነበረ ነው ያልኳት› ይለኛል። ጨርሼ ነው የምሰጣት፣ ትንሽ ቀረው እያለ ሄደ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቀኝም?» ብዬ ጮህኩ። ኀዘን ላይ ባለች ሴት ጮህኩባት።

«እንዴት ይጠይቅሽ ልጄ?» አለች ቀስ ብላ። «መቼ አስጠጋሽው?»

አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ከረጢቱን ይዤ ቤቴ ገባሁና የድሮ ኮምፓስ ሳጥኔን ከመጻሕፍቱ ሥር አወጣሁ። ዝጓል፤ በማንኪያ ነው የከፈትኩት። ቁራጯ እንደወተፍኳት ተጣጥፋ ተቀምጣለች። ውሸታም ነህ ስለው ትከሻዬ ላይ ነበረች። በተማሪነቴ ማዶ ማዶውን ሳልፍ፣ እሱ እጁን ሲያነሳ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ሃያ ምናምን ዓመት መንገድ አቋርጬ ብሰጠው በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነበር። ሰውየው እውነቱን ነበር የነገረኝ፤ ትንሽ ነበር የቀረው። በዚያ በመጀመሪያው ጊፋታ ዋዜማ እሱ «ይመለሳል» አለ፣ እኔ «ትቻለሁ» አልኩ። የእሱ ውሸት ነበር፣ ዓይኑን ከፍሎ እውነት አደረገው። የእኔ ግን እንደተዋሸ ቀረ።

አሁን ማንን ልቆጣ? አባቴን ተቆጣሁ፣ ሽማግሌዎቹን ተቆጣሁ፣ እሱን ተቆጣሁ፤ ቀርታ የነበረችው እኔ ነኝ፣ እሷንም ይኸው በየቀኑ እቆጣታለሁ። መርፌና ክር እንደሌለኝ እንዳይመስልሽ። ብዙ ጊዜ ቁራጯን ክፍቱ ላይ አስቀምጬ አይቻታለሁ፤ መብረቁ ከመብረቁ ልክ ይገጥማል። ከዚያ አንስቼ እመልሳታለሁ። ዱንጉዛው በሙሉ የእሱን መኪና ዘይት ይሸታል፤ ያቺ ቁራጭ ግን ቆርቆሮ ውስጥ ተዘግታ ስለኖረች ዝንጅብል ትሸታለች። ወይም ለእኔ እንደዚያ ይመስለኛል። ደግሞም ከሰፋኋት አለቀ ማለት ነው። ካለቀ ደግሞ «ጋሼ፣ አለቀ?» ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

እንግዲህ አታልቅሺ፤ ምረቃሽ ነው። ነይ ላልብስሽ፣ ቁመትሽ ደግሞ እናቴን ነው። ወገቡ አይጠብም፣ እንዲሁ ደርቢው። ቅዳሜ አባትሽ ከሐዋሳ ሲመጣ ገና ከሩቅ ያውቀዋል። ሊያቅፍሽ ሲል እጁ ግራ ትከሻሽ ላይ ያርፍና ክፍቱን ያገኘዋል። ያቺ ቁራጭ የት ሄደች ብሎ ከጠየቀሽ፣ እህትህ ጋ አለች በዪው።